«አይሆንም» የሚባልበት ቦታ

ልጄ ኮድ የምትጽፍበትን የኢንተርኔት ቦታ ፕላትፎርም ትለዋለች። እኔ ደቦ እለዋለሁ። አንዱ ደብረ ሲና፣ አንዷ ሸዋ ሮቢት፣ ሌላው የማናውቀው አገር ተቀምጦ አንድ ፕሮግራም እየተጋገዙ ይሠራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያየዋል፣ ያርመዋል፤ መልካም ከሆነ ከዋናው ሥራ ጋር ይቀላቀላል። ከደቦ የሚለይበት ነገር ብዙም አልታየኝም ነበር። አንድ ነገር እንደሚጎድለው ያየሁት በኋላ ነው።

እኔ ኮድ አላውቅም። ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ከከተማችን ከሸዋ ሮቢት በታች ቀወት ሜዳ ላይ ትንሽ የሽንኩርት ማሳ ትቶልኛል። እዚያ የምናለማ ሰዎች ከወንዙ የተጠለፈ አንድ ቦይ እንጋራለን። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚወስነው የውሃ አባት ነው፤ ገበሬው ራሱ የመረጠው፣ ውሃ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ። ወንዙ ሲቀንስ ተራውን በየሳምንቱ ይቀያይሩታል።

ድሮ ተራው የሚነገረው በጥሪ ነበር። አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረ። ልጄና ደብረ ሲና ያለው የሥራ ጓደኛዋ የሠሩት ፕሮግራም ይህን ጥሪ በስልክ መልእክት ተካው። መልእክቶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውን ሁሉ «አንተ» እንዳይል፣ «ተራዎ» ብሎ በአክብሮት እንዲናገር ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ልጄ የመልእክቶቹን ቃል በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጣ በእኔ ፈቃድ አሰረችው። እዚያ ውስጥ አንድ ፊደል ከተነካ ስልኬ ይጮሃል። የወጣው ቃል በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ ይታየኛል። ከተስማማሁ አንድ ቁልፍ እነካለሁ፤ ጸደቀ ማለት ነው።

አንድ ማክሰኞ ከዙህር ሶላት እንደተነሣሁ ስልኬ ጮኸ። በቀይ «የጁምዓ ሌሊት» ይላል። በአረንጓዴ «ዓርብ ሌሊት»። የለወጠው የደብረ ሲናው ወጣት ነው። ከሥሩ «ሌላው ቦታ ላይ ዓርብ ስለሚል፣ ወጥ እንዲሆን» ብሎ ጽፏል። ጁምዓ ዓርብ ነው፤ ዓርብም ጁምዓ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያነበው መልእክት ስለሆነ መልካም አሰበ አልኩ። ቁልፉን ነካሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ መጡ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። ክርስቲያን ናቸው፤ ማሳችን በድንበር ይገናኛል። መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ትናንት ያጠጣ ሰው እግሩ ላይ ጭቃ ይኖራል። የሳቸው እግር ደረቅ ነበር።

«አስተማሪዋ» አሉኝ ገና ደጃፉ ላይ ቆመው፤ «የኔ ውሃ የት ሄደ?»

«ተራዎ ደርሶ አልነበረም እንዴ?»

«ደርሶ ነበር። ትናንት ማታ ዶማዬን ተሸክሜ ቦዩ ላይ ወጣሁ። ቦዩ ደርቋል። እንሽላሊት ይሮጥበታል። ከእንሽላሊቱ ጋር ተያይተን ተመለስን።»

ስልካቸውን ተቀብዬ አነበብኩት። «የውሃ ተራዎ ዓርብ ሌሊት ነው» ይላል። እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

በእኛ በሙስሊሞቹ ቆጠራ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል። ፀሐይ ስትጠልቅ አዲሱ ቀን ገባ ማለት ነው። ስለዚህ የጁምዓ ሌሊት ማለት ሐሙስ መሽቶ ለዓርብ የሚነጋው ሌሊት ነው። ይፋት ውስጥ ያደገ ክርስቲያንም ይህን ያውቃል፤ እትዬም ያውቁታል። ጁምዓ ቀን ሰው መስጊድ ስለሚሄድ፣ ቦዩም የሚጠረገው ያን ቀን ስለሆነ፣ የዚያ ቀን ውሃ ቀድሞ በሌሊቱ ይጠጣል። ከሳምንቱ በሌሊት የሚጠጣ ተራ እሱ ብቻ ነው። መልእክቱ «የጁምዓ ሌሊት» ቢላቸው ኖሮ ሐሙስ ማታ ይወጡ ነበር። «ዓርብ ሌሊት» ሲላቸው ግን በራሳቸው ቆጠራ ዓርብ መሽቶ ወጡ። ውሃው ሐሙስ ማታ መጥቶ፣ የሚመልሰው ሰው አጥቶ፣ ሜዳ ላይ ፈሶ ቀርቷል።

ቀን ስንጠራ አንድ ነን። ሌሊት ስንጠራ በአንድ ቀን እንለያያለን። ይህን የማላውቅ ሰው ብሆን ይቅር ይባልልኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያጸደቅሁት።

«ሽንኩርቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ራስ እየቋጠረ ነው። እስከሚቀጥለው ሳምንት ካልጠጣ እንደ ባቄላ ለቅሜ ነው የማስገባው።»

የዚያ ሳምንት የኔ ተራ ያው ቅዳሜ፣ ዕለቱን ነበር።

«የዛሬው ውሃ የኔ ነው። ይውሰዱት» አልኩ።

«ያንቺስ ሽንኩርት?»

«ይቆያል።»

«ሽንኩርት ይቆያል ሲባል ዛሬ ሰማሁ። አስተማሪ ስለሆንሽ ይታዘዝሽ ይሆናል» ብለው ሄዱ። ዶማቸውን አጥር ሥር አስደግፈውት ነበር። መጀመሪያውኑ ይዘው መምጣታቸውን ያን ጊዜ አየሁ።

ለልጄ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ግን ቁርሷን ተወች። ፕሮግራሙን ለመሥራት ሁለት ዓመት ደክማለች። ደብረ ሲና ደውላ፣ እኔም እየሰማሁ፣ ለጓደኛዋ ነገረችው። «እኔ ነኝ የለወጥኩት» አለ። «ያጸደቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ጥፋተኛው አላነሣንም።

እሑድ የውሃ አባቱ አስጠሩን። ውሃው ከወንዙ የሚጠለፍበት ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እትዬም ቀድመው ደርሰዋል።

«ያ ስልካችሁ» አሉ የውሃ አባቱ፤ «ውሃ መሬት ላይ አፈሰሰ። እኔ ሰው ሆኜ ባፈስ ከዚህ ወንበር ታነሡኝ ነበር። እሱን ከየት እናነሣዋለን? በጥሪ እንመለስ።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔ የምለውን ሳዘጋጅ እትዬ ቀደሙኝ።

«ጋሼ፣ አይሆንም» አሉ። «ጥሪው እኔ ቤት አይደርስም። ቤቴ ዳር ነው። በጥሪ ጊዜ ተራዬን የምሰማው ሰው አጠጥቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ሳገኘው ነበር። ስልኩ አንድ ቀን አሳሳተኝ፤ ጠሪው ግን ስንት ዓመት አሳስቶኛል። ስልኩን አታስቀሩብኝ፤ አስተካክሉልኝ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዝ አደረጉ።

«መልካም» አሉ። «የሚመጣውን የጁምዓ ሌሊት ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹን ለአንድ ሙስሊም፣ ግማሹን ለአንድ ክርስቲያን እሰጣለሁ። ማን እንደሆኑ በአፍ የሚነግራቸው የለም፤ ስልኩ ብቻ ይንገራቸው። ሁለቱም በአንድ ማታ እዚህ ከመጡ ስልኩ ይቀጥላል። አንዱ ከቀረ ጠሪዬን ጉብታው ላይ አወጣለሁ።»

አራት ቀን ነበረን።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሳስብ ነበር። ደቦ ላይ ሁሌም ባለማሳው ይቆማል። ሠራተኛው ብርቱ ቢሆን፣ ልበ ቀና ቢሆን፣ ባለማሳው «በዚያ አይደለም፣ እዚያ ዘር አለ» ካላለው ዘሩን ይረግጠዋል። በልጄ ደቦ ላይ ግን ሠራተኛው ሁሉ አለ፤ ባለማሳው የለም። ቀዩንና አረንጓዴውን የማየው እኔ፣ ቃል እንጂ ቦይ አላየሁም። የውሃ አባቱ ያን ለውጥ ቢሰሙት ኖሮ ከአፍ ነጥቀው ይመልሱት ነበር።

«ፕላትፎርሙ ላይ ምኞት የሚጻፍበት ገጽ አለ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«አለ። ተጠቃሚው ‘ይህ ቢጨመርልኝ’ ብሎ ይጽፋል። ሌላው ሰው ከወደደው ይደግፈዋል። ብዙ ደጋፊ ካገኘ ይሠሩታል፤ ወይ አይሠሩትም።»

«ጻፊልኝ።»

«እማ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ፕላትፎርሙ ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ጎድሎታል።»

ያልኳትን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ጻፈች። እንዲህ ነበር ያልኩት። «ለውጥ ከመቀላቀሉ በፊት ሥራው የሚነካው ሰው ይጠየቅ። ያ ሰው ኮድ የማያነብ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ የያዘ ቢሆንም ይጠየቅ። የተለወጠው ነገር ተደውሎ በቋንቋው ይነበብለት። እሱም ይሁን ወይም አይሆንም ይበል። አይሆንም ካለ ለውጡ ይቁም።»

ሌላም ምኞት ነበረኝ። ኔትወርክ ሲቋረጥ የጻፍኩት እንዳይጠፋብኝ የሚል። እሱን ለራሴ ያዝኩት። የቸገረው ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል።

ሰኞ መልስ መጣ። ማንነቱን የማናውቀው ሰው «ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ አስተያየቱን መጻፍ ይችላል» ብሎ ምኞቴን ዘግቶታል።

«ክፈችው» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«የኛ የውሃ አባት አካውንት አይከፍቱም። የሚከፍቱት ቦይ ነው በይ።»

ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። እንዳለ ጻፈችው።

ማክሰኞ እንደገና ተዘጋ። «ከዚህ በፊት የተጠየቀ ነው» ይላል። የተጠየቀውን ፈልጋ አነበበችልኝ፤ ስለ ሌላ ነገር ነው። «ክፈችው» አልኩ። ዱዓ እንኳ ሦስት ጊዜ ይደገማል። አላህ በአንዴ የማይሰማ ሆኖ አይደለም፤ የሚለምነው ሰው ልቡ የምር መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው። እኔም የተጠሙትን የሽንኩርቶቼን ፎቶ ጨመርኩበት።

ሐሙስ ግን ምኞቴ እስኪሟላ አይጠብቀንም።

የደብረ ሲናው ወጣት ያው ማክሰኞ በሚኒባስ ወረደ። ለደጋው ብርድ የለበሰውን ወፍራም ሹራብ ሳያወልቅ ገባ፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ይወርዳል። እትዬ ቤቴ ነበሩ። ተነሥተው ጨበጡት።

«አንተ ነህ ሌሊቴን የሰረቅኸው?» አሉት።

«ይቅርታ እትዬ። ሳላውቅ ነው።»

«ምን ታደርግ። ደጋ ላይ ሌሊቱም ይበርደዋል መሰለኝ፤ ተኮማትሮ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።»

ልጄ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱም ሹራቡን እያወለቀ ሳቀ። ውሃ ሰጠሁት። ይቅርታው እዚያ ላይ አለቀ፤ ሥራው ጀመረ።

«መልሰን ጁምዓ እናድርገው» አለች ልጄ። ቀላሉ እሱ ነበር። ነገር ግን መሬት ተከራይተው ከደጋ የሚመጡ አዲስ ሰዎች አሉ። እነሱ የጁምዓ ሌሊትን እንደ እኛ አያውቁትም፤ ጁምዓ ማለት ዓርብ ነው ብለው ዓርብ ማታ ይወጣሉ። ሁሉም አንድ ማታ ላይ የሚገናኝበት ቃል ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ዓይነት ጻፍን። የትኛውንም አላጸደቅሁም። እጄ አንዴ ቸኩሏል።

ረቡዕ ጠዋት አራታችን በሁለት ባጃጅ ወደ ቦዩ ወረድን። የውሃ አባቱ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ናቸው። ስልኬን አወጣሁና የመጀመሪያውን አነበብኩላቸው።

«የውሃ ተራዎ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

«አይሆንም» አሉ። «ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት ሰዓት ትገባለች ያላችሁ ማን ነው? በሰዓት የሚነሣ አውቶብስ ነው። ውሃ የሚለቀቀው ጀምበር ስትገባ ነው።»

ልጄ ያን መስመር አጠፋችው። ሁለተኛውን አነበብኩ።

«የውሃ ተራዎ ሐሙስ ሌሊት ነው።»

«አይሆንም፣ አይሆንም! ሐሙስ ሌሊት ካላችሁት የኛ ሰው ረቡዕ ማታ ዶማውን ይዞ ይወጣል። ዛሬ ማታ ማለት ነው። አንዱን ስታድኑ ሌላውን ልታሰጥሙ ነው።»

ደነገጥኩ። ያን መልእክት ሳነብ ሐሙስ መሽቶ ያለውን ሌሊት ነበር ያሰብኩት። ሙስሊም ሆኜ፣ ከልጅነቴ በዚህ ቆጠራ አድጌ፣ ስልክ ስይዝ እንደ ስልኩ መቁጠር ጀምሬያለሁ። በአፍ ብንግባባ ኖሮ አልስትም ነበር። በጽሑፍ ግን ሳትኩ። ሽማግሌው ግን አልሳቱም።

ሦስተኛውን ማንበብ አፈርኩ። ከሁለቱ የሚሻል አልነበረም።

የደብረ ሲናው ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ» አለ፤ «ሌሊት ስትቆጥር ‘ለዓርብ አጥቢያ’ ትላለች። ሐሙስ መሽቶ ለዓርብ ሊነጋ ሲል ማለቷ ነው። ያን ቀን ሳልጠይቃት...»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«አጥቢያ? የኔም እናት ‘ለጁምዓ አጥቢያ’ ትል ነበር!»

«እኔም እላለሁ» አሉ እትዬ። «ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲያው» አሉ የውሃ አባቱ፣ ቃል በቃል እየቆጠሩ፤ «‘ሐሙስ ሲመሽ፣ ለጁምዓ አጥቢያ’ በሉ። ሐሙስ ሲመሽ የሚለውን የደጋው ሰው ይሰማል። ለጁምዓ አጥቢያ የሚለውን የኛ ሰው ይሰማል። ሁለቱም አንድ ማታ ነው።»

«ለዓርብ አጥቢያስ ብንል?» አለ ወጣቱ።

«ዓርብን ተዋት» አሉት እትዬ፤ «አንዴ ጉድ ሠርታኛለች።»

ልጄ ስልኳን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች። መልእክቱን እንደገና ሙሉውን አነበብኩላቸው። «ይሁን» አሉ። ድምፃቸውን ቀዳችና ከለውጡ ጋር አያያዘችው። ከዚያ በኋላ ነው ቀዩንና አረንጓዴውን ያየሁት። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ነካሁ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ሄደ። የተራውን ዝርዝር ሽማግሌው ለልጄ ለብቻዋ ነገሯት፤ ለእኔም አልነገረችኝም።

ሐሙስ ከዐሥር ሶላት በኋላ ወደ ቦዩ ሄድኩ። የመጣሁት ለማየት ነው፤ ለመናገር አልተፈቀደልኝም። ልጄና ወጣቱ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ወደ ጣርማ በር ተራሮች እያዘነበለች ነው። መንገዱ ላይ ሰው የለም። በልቤ ዱዓ አደረግሁ። ስልኩ እንዲተርፍ አልነበረም የለመንኩት። ውሃው እንዳይፈስ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ገበሬ ዶማውን በትከሻው ይዞ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ የመልእክቱን ቃል ለውሃ አባቱ አነበበላቸው። ሌላ ሰው ግን አልመጣም። ፀሐይዋ ተራራውን ነካች። ልጄ ከተቀመጠችበት ተነሣች። የውሃ አባቱ ወደ ጉብታው ሲያዩ አየኋቸው።

ከዚያ ከአንድ የሸንኮራ አገዳ ማሳ አጥር ጀርባ እትዬ ብቅ አሉ። ዶማቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ፣ አንድ እግራቸውን እያነከሱ።

«ቀርተው መስሎን!» አልኩ፤ አላስቻለኝም።

«ጫማዬ ተበጥሶ ነው። ምን ታፈጣላችሁ? ሐሙስ መሽቷል። ለጁምዓ ሊነጋ ነው። ውሃዬን ልቀቁልኝ እንጂ!»

የውሃ አባቱ ጎንበስ ብለው የቦዩን መዝጊያ ሳቡት። ውሃው ሲገባ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ቤቴ መጡ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። የታጠበውን ወለሌን ረግጠው ገብተው ተቀመጡ። አልተናገርኳቸውም። ነገ ቅዳሜ የኔ ተራ ነው፤ ከሽንኩርቴ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ መሐሉ ግን ይድናል፣ አልሐምዱሊላህ።

«ያ ነገር ተሠራ?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ጋሼ አይሆንም የሚሉበት ቁልፍ።»

«አልተሠራም። ለሦስተኛ ጊዜ የከፈትነው ግን እስካሁን አልተዘጋም። የማናውቃቸው ሰዎችም እየደገፉት ነው።»

«እስኪሠሩት ድረስስ?»

«እስኪሠሩት ድረስ በባጃጅ እየሄድኩ አነብላቸዋለሁ።»

«ከዘጉትስ?»

«አስከፍተዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዝቅ ብለው ወለሉን አዩ፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ የተሰለፈውን የጭቃ ዱካ።

«ቤትሽን አበላሸሁት» አሉ።

«ይቀመጡ እትዬ» አልኳቸው። እስከ ጁምዓ ሶላት ድረስ አልወለወልኩትም።